ጉልበት ሳያም ሲበጠስ

ባለፈው ሳምንት የጀመርኩትን የደም ግፊት ጉዳይ ለሚቀጥለው ላቆየውና ዛሬ ስለ ጉልበት እናውጋ። ሰሞኑን ሦስት እናቶች፣ ሁለቱ ከቤተል አንዷ ከዓለም ባንክ፣ ተራ በተራ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀውኛል። «ሲስተር፣ ልጄ ስልክ ላይ እያየ ከጓደኞቹ ጋር ሜዳ ላይ እግር ለእግር ተቆላልፎ ይታገላል። አንዱ የአንዱን ተረከዝ ይዞ ይጠመዝዛል። ዝም ልበለው ወይስ ልከልክለው?»

እኔ ልጅ ሜዳ ወጥቶ ላቡን ሲያፈስ ደስ ይለኛል። ጫት ቤትና ቤቲንግ ቤት በር ላይ ከሚውል ሣር ላይ ቢንከባለል ይሻላል። ቴኳንዶውንም፣ ካራቴውንም፣ ውሹውንም ሰፈራችን ለምዶታል፤ ጠዋት ጠዋት ነጭ ልብስ ለብሰው በአየር ጤና በኩል የሚሮጡትን ልጆች ሳይ ሁልጊዜ እመርቃለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ትግልን ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። ከትግሉ ውስጥ ግን አንድ አያያዝ አለ። ያለ አሠልጣኝ ሲሞከር ልጁ ሳያመው ጉልበቱን ይዞበት የሚሄድ ነው። እናቶቹ የነገሩኝ ያንኑ ነው።

የልጅ ልጄን ጠርቼ ያንን ቪዲዮ አሳየኝ አልኩት። አንድ አምስት ምሽት አብሬው አየሁ። እርሱ የሚያየው ማን እንዳሸነፈ ነው፤ እኔ የማየው ጉልበቱን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጉልበት ሳጥብና በፋሻ ስጠቀልል የኖርኩ ሴት ሌላ ምን ልይ?

የሚያዩት ትግል ብራዚሊያን ጁጂትሱ ይባላል። ስሙ ብራዚልን ቢጠራም ሥሩ ጃፓን ነው። ጂጎሮ ካኖ የተባሉ መምህር እ.ኤ.አ. በ1882 ከጥንቱ የጃፓን ጁጁትሱ ወስደው ጁዶን መሠረቱ። ከእርሳቸው ትምህርት ቤት የወጣው ሚትሱዮ ማኤዳ በ1914 ብራዚል ገባ። ከእርሱ የተማረው ካርሎስ ግሬሲ፣ በኋላም ወንድሙ ኤሊዮ፣ ትግሉን መሬት ላይ ወደሚደረግ ጥበብ አሳደጉት። ቀበቶው እንደ ካራቴው በቀለም ይለያል፤ ከነጭ ተነሥቶ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ፣ ጥቁር። ጥቁሩ ጋ ለመድረስ ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል። ይህቺን አሥር ዓመት ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከእኛ ባህላዊ ትግል ጋር ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። በእኛ ትግል ተጋጣሚህን ጠልፈህ ጀርባውን መሬት ካስነካህ አለቀ። የወደቀው አቧራውን አራግፎ ይነሣል፣ የጣለውም እጁን ይዞ ያነሣዋል። ወንድሞቼ ከብት ሲጠብቁ እንዲያ ሲታገሉ አይቻለሁ፤ የወደቀን ልጅ መሬት ላይ የሚይዝ ቢገኝ ታላላቆቹ በአለንጋ ነበር የሚሉት። በጁጂትሱ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከወደቁ በኋላ ነው። ጀርባው ላይ የተኛው ሰው አልተሸነፈም። እግሮቹን እንደ እጅ ይጠቀምባቸዋል፤ ይገፋል፣ ይጠልፋል፣ ይይዛል። ይህን ጋርድ ይሉታል፤ ከሥር ሆኖ በእግር መከላከልና ማጥቃት ማለት ነው።

ከጋርዶቹ ውስጥ አንዱ ወገን የባላጋራን አንድ እግር በሁለት እግር መሃል አስገብቶ መቆለፍ ነው። ጃፓኖቹ አሺ ጋራሚ ይሉታል፤ እግር መጠላለፍ እንደ ማለት። ሁለት እባቦች ተጠምጥመው እንዳየሁ ነው የሆነብኝ መጀመሪያ ሳየው። የማን እግር የማን እንደሆነ ለመለየት ስልኩን ሁለት ሦስት ጊዜ አስቆምኩት። ሲቆም ግን ሥርዓቱ ታየኝ። ያኛው በጭኖቹ የባላጋራውን እግር ከጉልበት በላይ ጨምድዶ ይዟል፤ በእግሩ መዳፍ ዳሌውን ደግፎ እንዳይጠጋውም እንዳይርቀውም አድርጎታል። ማለት የጭኑ አጥንት ታስሯል። ከዚያ የባላጋራውን እግር ብብቱ ሥር ከትቶ፣ ተረከዙን በክንዱ እጥፋት አንጠልጥሎ፣ ወገቡን ያዞራል። ሂል ሁክ የሚሉት ይህ ነው።

ጋቢ አጥባችሁ ስትጨምቁ አስቡት። አንዷ ጫፉን ይዛ ትቆማለች፣ ሌላዋ በወዲያ ጫፍ ትጠመዝዛለች። ውኃው የሚወጣው ከመሃል ነው፤ ጋቢው አርጅቶ ከሆነ የሚቀደደውም መሃሉ ላይ ነው። እዚህም አንደኛው ጫፍ ጭን ነው፣ ታስሯል። ሌላኛው ጫፍ ተረከዝ ነው፣ ይዞራል። ቁርጭምጭሚት ብዙ መዞር አይችልም፤ ስለዚህ ጥምዘዛው ወደ ላይ ይወጣል። መሃል ላይ ያለው ጉልበት ነው።

ጉልበት ደግሞ ለመዞር አልተሠራም። ሥራው እንደ በር ማጠፊያ መታጠፍና መዘርጋት ነው፤ ታጥፎ እያለ ጥቂት መዞር ይችላል፣ እርሱም በልክ ነው። የጭንንና የቅልጥምን አጥንት አራት ዋና ዋና ጅማቶች አስረው ይይዟቸዋል። ሁለቱ በውስጥና በውጭ ጎን እንደ ገመድ የተወጠሩ ናቸው፤ ሁለቱ መገጣጠሚያው ውስጥ እንደ መስቀል ተሻግረው ያልፋሉ። በሁለቱ አጥንቶች መሃል ደግሞ የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ትራሶች አሉ፣ ሜኒስከስ ይባላሉ። ተረከዝ ሲጠመዘዝ እነዚህ ሁሉ ባንድ ላይ ይወጠራሉ። አንዱ ሲለቅ ሌላው ይከተላል።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደረስን። ክንድ ሲጠመዘዝ ያማል፤ ሕመሙም ቀስ እያለ ይጨምራል፣ ልጁ ይጮኻል፣ ጓደኛው ይለቃል። ቁርጭምጭሚት ቀጥ ተደርጎ ሲጫንም እንደዚያው ያማል። በጥምዘዛ የሚመጣው የጉልበት ጉዳት ግን እንዲህ አያስጠነቅቅም። መገጣጠሚያው ጥቂት ላላ ያለ ነገር ስላለው መጀመሪያ ላይ ልጁ የሚሰማው መጫን ብቻ ነው፤ «ገና ነው፣ እችለዋለሁ» ይላል። ከዚያ ላላው ያልቅና ጅማቱ ባንዴ ይሄዳል። የሜኒስከሱ ውስጠኛው ክፍልማ የሕመም ነርቭም የደም ሥርም የሌለው ነው፤ ስለዚህ ሲቀደድ ላይናገር፣ ከተቀደደ በኋላም በራሱ ላይጠግን ይችላል። ሕመም የሰውነት ዘበኛ ነው እንላለን። እዚህ ቦታ ላይ ዘበኛው የሚነቃው ሌባው ከወጣ በኋላ ነው።

ሌላም አለ። የተያዘው ልጅ ሲደናገጥ ለማምለጥ ይገለበጣል። ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ከዞረ ያመልጣል። ወደ ተሳሳተው ከዞረ ግን ጓደኛው ምንም ሳይጨምር ራሱ በራሱ ክብደት ጉልበቱን ጠምዝዞ ይጨርሰዋል። የቱ ትክክለኛ እንደሆነ ለማወቅ ወራት ይፈጃል፤ ቪዲዮው ደግሞ አሥራ አምስት ሰከንድ ነው።

ጃፓኖቹ ይህን ቀድመው ያዩት ይመስለኛል። ዛሬ በጁዶ ውድድር መቆለፍ የሚፈቀደው ክርን ብቻ ነው፣ እግር አይነካም። እ.ኤ.አ. በ1980 ታላቁ ያሱሂሮ ያማሺታ በአገሩ ውድድር ላይ ሱሚዮ ኤንዶ ከተባለ ባላጋራው ጋር ሲጋጠም፣ ኤንዶ ዘሎ በሁለት እግሩ እንደ መቀስ እግሩን ቆልፎ ሲጥለው የቅልጥሙ ቀጭን አጥንት ተሰበረ። ካኒ ባሳሚ ነው የአጣጣሉ ስም፣ የሸርጣን መቀስ። ከዚያ ወዲህ ከውድድር ታገደ። ያማሺታ ግን ድኖ በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። አጥንት ተሰብሮ በወጉ ከተያዘ እንዲህ ይገጥማል። ጅማት እንደ አጥንት ቢሆን ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩት።

ሩሲያውያን በሳምቦ ትግላቸው እግር መቆለፍን ፈቀዱ፤ የተረከዝ ጥምዘዛውን ግን በስፖርት ሳምቦ ከለከሉ። ብራዚሎቹ ደግሞ ለረጅም ጊዜ እግር የሚያጠቃን ሰው እንደ አቋራጭ ፈላጊ ይንቁት ነበር። ነገሩ የተለወጠው አሜሪካዊው ዲን ሊስተር በእግር ቆለፋ ታውቆ እ.ኤ.አ. በ2003 የኤ ዲ ሲ ሲን ክብደት የማይለይ ውድድር ካሸነፈ ወዲህ ነው። ኤ ዲ ሲ ሲ ከአቡዳቢ የተነሣ፣ ልብሰ ትግል ሳይለበስ የሚደረግ ትልቁ ውድድር ነው። ከዚያ ኒውዮርክ የነበረው አሠልጣኝ ጆን ዳናኸር ነገሩን ሥርዓት አበጀለት። የእርሱ ትምህርት ባጭሩ፣ ተረከዙን ከመያዝህ በፊት እግሩን በደንብ እሰር ነው። በ2019 ደግሞ አውስትራሊያዊው ላክላን ጋይልስ ከ77 ኪሎ ምድብ ተነሥቶ፣ እጅግ የሚበልጡትን ግዙፋን አንድ በአንድ በተረከዝ ጥምዘዛ አስቁሞ በዚያው ክብደት በማይለየው ውድድር ነሐስ ወሰደ። ልጆቻችን ደጋግመው የሚያዩት ይህን ዓይነቱን ነው፣ አይፈረድባቸውም፤ ትንሹ ትልቁን ሲጥል ከዳዊትና ከጎልያድ ጀምሮ ማን የማይወድ አለ? ግን ስለ ጋይልስ ቪዲዮው የማይናገረውን ልንገራችሁ። ሰውየው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው፤ ዶክትሬቱንም የሠራው በጉልበት ሕመም ላይ ነው። የሚጠመዝዘውን ነገር እያንዳንዷን ክር ያውቃታል።

አሁን ወደ አሥሩ ዓመት ልመለስ። በዓለም ትልቁ የጁጂትሱ ፌዴሬሽን፣ አይ ቢ ጄ ጄ ኤፍ የሚባለው፣ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ምንም ዓይነት የእግር ቆለፋ አይፈቅድም፤ ቀላሉን ቀጥተኛውን የቁርጭምጭሚት ቆለፋ እንኳ። የተረከዝ ጥምዘዛውን እስከ 2021 ድረስ ለማንም አይፈቅድም ነበር። በዚያ ዓመት የፈቀደውም ለአዋቂ ቡናማና ጥቁር ቀበቶዎች ብቻ፣ እርሱም ልብሰ ትግል በማይለበስበት ውድድር ነው። እስቲ አስቡት፤ ስፖርቱን የፈጠሩትና የሚኖሩበት ሰዎች፣ ምንጣፍ፣ ዳኛና ሐኪም ባለበት አዳራሽ፣ ለብዙ ዓመት ያልሠለጠነ ሰው አይንካው ያሉትን ነገር፣ የእኛ ልጅ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ቦርሳውን ጥሎ ጠጠር ላይ ይሞክረዋል። ለዚያውም ጫማውን አድርጎ! ጫማ ተረከዙን እንደ እጀታ አያያዝ ያመቻቸዋል፣ ባዶ እግር በላብ ሙልጭ ብሎ የሚወጣውን ያህል አይወጣም።

ከ16 በታች የተባለው ለይስሙላ አይደለም። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንቱ ጫፍ ላይ አጥንቱን የሚያረዝመው ለስላሳ ክፍል አለ። ይህ ክፍል ከጅማቱ ይልቅ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ አዋቂ ጅማት በሚበጠስበት ጉዳት ልጁ ማደጊያው ላይ ሊሰበር ይችላል፤ ያ በወጉ ካልተያዘ አንድ እግር ካንዱ ሊያጥር ወይም ሊወለግድ ይችላል።

የጎረቤቴ ልጅ ግን ልጅ አይደለም፣ 22 ዓመቱ ነው። ሥራው ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ይውላል፤ በዚያ ገንዘብ ሁለት እህቶቹን ያስተምራል። አንድ እሑድ ከሰፈር ልጆች ጋር ሲታገል ጓደኛው ተረከዙን ይዞ አዞረው። «ቋ» የሚል ድምፅ ሰሙ፤ የተያዘውም የያዘውም ሰምተዋል። ልጁ ሳቀ። አላመመውም ነበር። ተነሥቶ ቤቱ ድረስ በእግሩ ሄደ። ማታ ጉልበቱ እንደ ዳቦ ተነፋ። ጠዋት ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዶ ኤክስሬይ ተነሣ፣ «አጥንትህ ደኅና ነው» ተባለ፣ መርፌ ተወጋና ተመለሰ። ሁለት ሳምንት አርፎ እብጠቱ ሲጎድል ሥራ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን የሲሚንቶ ከረጢት ተሸክሞ ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ ከዳው። እኔ ዘንድ የመጣው ያኔ ነው፣ ፊቱ ተጋግጦ።

በአማርኛችን ጉልበት ማለት መገጣጠሚያውም ነው ኃይሉም ነው። የቀን ሠራተኛው ጉልበቱን ሸጦ ያድራል እንላለን። ይህን ቋንቋ ያበጁት ሰዎች የሰውነት ጥናት ሳይማሩ ነገሩን አውቀውታል።

«አጥንትህ ደኅና ነው» የተባለው ቃል በቃል እውነት ነበር። ኤክስሬይ የሚያሳየው አጥንት ነው፤ ጅማትንና ሜኒስከስን አያሳይም። ብዙ ቤተሰብ «ፎቶው ንጹሕ ነው» ሲባል ነገሩ ያበቃ ይመስለዋል። እናንተ ግን አንድ ነገር ጨምራችሁ ጠይቁ፤ «ጅማቱስ ተመርምሯል?» በሉ። ይህ ምርመራ መጀመሪያ ማሽን አይፈልግም፤ የሠለጠነ ሐኪም ጉልበቱን ጥቂት አጥፎ፣ ጭኑን በአንድ እጁ ይዞ፣ ቅልጥሙን በሌላው ወደ ፊት ሲስበው ልልነቱን በእጁ ያውቀዋል። ጉልበቱ በጣም ካበጠ በዕለቱ በደንብ ላይታወቅ ስለሚችል ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሶ መታየት ያስፈልጋል። ኤም አር አይ የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ ውድ ነው፣ ስለዚህ ሐኪሙ ካላዘዘ ከራሳችሁ ተነሥታችሁ ገንዘብ አታፍስሱበት።

ጊዜውም ብዙ ይናገራል። ጉልበት ከተጠመዘዘ በኋላ በሁለት በሦስት ሰዓት ውስጥ ቶሎ ከተነፋ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ደም ነው፣ ከመስቀለኛ ጅማቶቹ አንዱ ሳይሄድ አይቀርም። በማግስቱ ቀስ ብሎ ካበጠ ሜኒስከስ ሊሆን ይችላል። ጉልበቱ ታጥፎ አልዘረጋ ካለ የተቀደደው ሜኒስከስ እንደ ጠጠር መሃል ገብቶ ቆልፎታል ማለት ነው፤ በግድ አትዘርጉት። አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ደግሞ ኤክስሬዩም ቢሆን ዛሬውኑ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ የሚደረገው ቀላል ነው። ልጁ ይቀመጥ፣ እግሩ በትራስ ከፍ ይበል። በረዶ ካገኛችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙለት፣ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ድገሙት። ፍሪጅ የሌለው ቤት በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ፎጣ ይበቃል። የሚለጠጥ ፋሻ ካለ ልል አድርጋችሁ እሰሩ፤ የእግሩ ጣቶች እየጠቆሩ ወይም እየደነዘዙ ከሄዱ ፍቱት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ጨጓራ ላለበት ልጅ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ገዝታችሁ አትስጡት። ሙቅ ውኃ፣ ቅባት፣ አረቄ፣ ማሸት፣ እነዚህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እብጠቱን ያብሱታል።

አንድ ነገር ግን ሌሊትም ቢሆን አይታደርም። ጉልበቱ ቅርጹ ከተለወጠ፣ ወይም ወልቆ በራሱ ከተመለሰ፣ ወይም የእግሩ መዳፍ ከሌላኛው ይልቅ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ካቃተው፣ ከጉልበቱ ጀርባ የሚያልፈው ትልቁ የደም ሥር ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እግሩን ለማዳን ያለው ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ለእኛ ለኮልፌዎች አለርት ሆስፒታል ቅርብ ነው። ያበጠው ጉልበት ላይ ብቻ አትዩ፣ የሁለቱንም እግር መዳፍ በእጃችሁ ዳስሱና አወዳድሩ። ይህን ማንም እናት ማድረግ ትችላለች።

ስለ ወጌሻ ማንሣቴ የማይቀር ነው። ወጌሻን አልንቅም፤ ሐኪም ባልነበረበት ዘመን አገር ያቆሙ ናቸው፣ ዛሬም ወለምታን በእጃቸው የሚያቀኑ አሉ። ያበጠ ጉልበት ላይ ግን ሁለት ነገር ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ይስባሉ፣ ከዚያ በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቀው ያስራሉ። የተበጠሰ ጅማት በመሳብ አይገጥምም። እስሩ ደግሞ ከሥር እብጠቱ ሲጨምር ይጠብቃል። በሥራ ላይ እያለሁ አንድ ወጣት በሦስተኛ ቀኑ እንዲህ ታስሮ መጣ። ጨርቁን በመቀስ ስንፈታ ጣቶቹ ከሰል መስለው ነበር። እግሩ አልተረፈም። አባቱ ደጅ ቆመው «ሌሊቱን ሙሉ ፍቱኝ ይል ነበር፣ ቻለው አልኩት» ሲሉ ሰምቻለሁ። የታሰረ ሰው ፍቱኝ ካለ ይፈታ፤ ማንም ይሰረው፣ ወጌሻም ይሁን ጀሶ ያደረገለት ሆስፒታል።

ለልጆቹም አንድ ቃል አለኝ፣ ጋዜጣውን አንብቡላቸው። በጁጂትሱ የተያዘ ሰው በእጁ ባላጋራውን ሁለት ሦስቴ መታ መታ ያደርጋል። ታፕ ይሉታል፤ «በቃኝ» ማለት ነው፣ ያኛውም ወዲያው ይለቃል። በእኛ ቋንቋ እጅ መስጠት መሆኑ ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ይመስለኛል። እጅ መስጠት በእኛ ዘንድ ትልቅ ቃል ነው፣ ከጦር ሜዳ የመጣ። የ17 ዓመት ጎረምሳ ጓደኞቹ እያዩት እጅ ሰጠ ከሚባል ጉልበቱ ቢሄድ ይመርጣል። ቪዲዮዎቹን ሳይ ግን ያ ጥቁር ቀበቶ የታጠቀው ግዙፍ ሰውዬ፣ ተረከዙ እንደተያዘ ገና ሳይጠመዘዝ፣ ሳያመው፣ ታፕ ያደርጋል። ከዚያ ተነሥቶ ይስቃል፣ ይጨባበጣሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። እርሱ ነው የሚያውቀው። ከያዘው ወገን ሆናችሁም፣ እግሩን ከቆለፋችሁ በኋላ ማሸነፋችሁ ታውቋል፤ ተረከዙን ይዛችሁ ሳታዞሩ «ያዝኩህ» ብላችሁ ልቀቁ። ከሌላው ትግል ምንም አይቀርባችሁም፤ ገልብጡ፣ ተገልበጡ፣ ጀርባ ያዙ።

ለእናቶቹም የመለስኩት ይህንኑ ነው፤ ትግሉን አትከልክሉ፣ የተረከዝ ጥምዘዛውን ግን ከልክሉ። አሠልጣኝ ያለበት ቦታ ከተገኘ እሰየው፤ ሄዳችሁ ቁጭ ብላችሁ አንድ ልምምድ እዩ። አሠልጣኙ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ እግር መቆለፍ ያስተምር እንደሆነ ጠይቁት። አዎ ካለ ልጃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ልጅ ታፕ ሲያደርግ ሌሎቹ የሚሳለቁበት ቤት ከሆነም እንደዚያው።

ያ የሴራሚክ ባለሙያ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማቱ ተበጥሶ ተገኘ። ሁሉም ሰው በቀዶ ሕክምና አይታከምም። የውስጠኛው ጎን ጅማት ብዙ ጊዜ በድጋፍና በእረፍት ይድናል፤ መስቀለኛውም ቢሆን ሩጫና ድንገተኛ መዞር የሌለበት ኑሮ ለሚኖር ሰው የጭን ጡንቻን በማጠንከር ብቻ ሊያዝ ይችላል። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወደ ትግልና ወደ ኳስ ለመመለስ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ይጠብቃል። በሁለቱም መንገድ ፊዚዮቴራፒ ግድ ነው፤ የተጎዳ ጉልበት ያለበት ጭን በሳምንታት ውስጥ ይከሳል። ሁለቱን ጭኖች ከጉልበት በላይ አንድ ስንዝር ላይ በሜትር ለኩ፤ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ልጁም እናቱ በሰጠችው የልብስ ስፌት ሜትር በየሳምንቱ እሑድ እየለካ ግድግዳ ላይ ይጽፋል። አሁን ስድስተኛ ወሩ ነው። መንበርከክ ገና አልቻለም፤ ቆሞ ሴራሚክ እየቆረጠ ለሌላው ያቀብላል፣ የሚከፈለውም የቀድሞውን ግማሽ ነው። ጠምዝዞ የያዘው ጓደኛው በየጠዋቱ ዕቃውን ይሸከምለታል።

የጭን ማጠንከሪያው እንቅስቃሴ ቤት ውስጥ ይሠራል። እግርን ዘርግቶ መቀመጥ፣ ከጉልበት ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ማድረግ፣ ፎጣውን በጉልበት ወደ መሬት እየተጫኑ አምስት ሰከንድ መያዝና መልቀቅ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ይህ በሕመም ለተያዘ የአረጋዊ ጉልበትም ይሠራል፤ እኔ ራሴ ዜና ሳይ እሠራዋለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ደም ግፊታችን እንመለሳለን፤ ክኒኑን «ተሻለኝ» ብላችሁ ያቆማችሁ ካላችሁ እስከዚያው ጀምሩት። በሰላም ሰንብቱ።